«ላ ኤን»፦ በካሜራ የተለካ ርቀት



የማትዩ ካሶቪትዝን «ላ ኤን» (ጥላቻ) የተሰኘ ፊልም እንደ ታሪክ ምንጭ ልናነበው ይገባል እላለሁ። ለፊልሙ መነሻ የሆነው በ1993 እ.ኤ.አ. የ17 ዓመቱ ማኮሜ ምቦዎሌ በፓሪስ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በጥይት መገደሉ ነው። በ1995 ለእይታ የበቃው ሥራ የሦስት ወጣቶችን አንድ ቀን ይተርካል፤ ቪንዝ አይሁዳዊ፣ ዩቤር ጥቁር፣ ሳኢድ የሰሜን አፍሪካ ስደተኞች ልጅ ነው።

እንደ እኔ እምነት፣ ዋናው ምስክርነት ያለው ከንግግሩ ይልቅ በቀረጻው ላይ ነው። ወጣቶቹ በከተማ ዳር መንደራቸው ሳሉ ካሜራው እነርሱንም ሕንፃዎቹንም አጥርቶ ያሳያል፤ ሰውና ሰፈር አይነጣጠሉም። በባቡር ፓሪስ ሲደርሱ ግን ረጅሙ ሌንስ ከተማዋን ከጀርባቸው ያደበዝዛታል፤ በገዛ ዋና ከተማቸው ባዕድ ይሆናሉ።

በ2005 ከክሊሺ-ሱ-ብዋ የተነሣው አመፅ፣ ያ ርቀት በ10 ዓመት ውስጥ እንዳልጠበበ አሳይቷል።