የአገር ፍቅር ማኅበርና የዘፋኙ ክብር

ዘፈን ለሠርግና ለጠጅ ቤት ብቻ የተፈጠረ ለሚመስለው ሰው፣ የአገር ፍቅር ማኅበርን ታሪክ ማስታወስ የሚጠቅም ይመስለናል።

ማኅበሩ የተመሠረተው በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። መሥራቹ፣ በኋላ ሚኒስትር ሆነው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተገደሉት አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። ሬዲዮ በየቤቱ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሕዝቡ በአደባባይ ተሰብስቦ ንግግር ይሰማ፣ በቀረርቶና በፉከራም ልቡ ይነሣሣ ነበር። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ፤ ከነጻነት በኋላ ግን እንደ ገና ቆሞ፣ ቴአትርና ዘፈን ለሕዝብ ማሳየት ያዘ።

ከሥራው ሁሉ እኛ የምናስበልጠው አንዱን ነው። አዝማሪ መባል እንደ ስድብ ይቈጠር ነበር። ጨዋ የተባለው ሰው በግጥሙ እየሳቀ ገንዘብ በግንባሩ ይለጥፍለታል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። ማኅበሩ ይህን ሰው ደመወዝ ቈርጦለት ከመድረክ አቆመው። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ማሲንቆ መቺ ብቻውን መጫወት የለመደ፣ ጭራውንም በገዛ ድምፁ ልክ የሚወጥር ነውና፣ ከክራር፣ ከዋሽንትና ከከበሮ ጋራ ሲሰለፍ በአንድ ቅኝት መስማማት ግድ ሆነበት። ጥላሁን ገሠሠም ወደ ክብር ዘበኛ ከመዛወሩ በፊት የሠራው በዚሁ ቤት ነው።

እኛ ግን በሁሩታ ተቀምጠን ይህን ስንጽፍ አንድ ጥያቄ አይለቀንም። የዚያ መድረክ ዋና ቋንቋ አማርኛ ነበረ። በአርሲ ገጠር የሚዜመው ገራርሳ፣ እናቶች ሲንቄ ይዘው በአቴቴ የሚያሰሙት ዜማ ማን መድረክ ሰጠው? ጥላሁን በኦሮምኛም አዚሟል፤ ይሁን እንጂ አንድ ድምፃዊ የአገርን ዜማ ሁሉ ሊሸከም አይችልም። በ1950ዎቹ ዓመታት በድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የተባለው ቡድን በኦሮምኛ መዝፈን የጀመረው ይህንኑ ጉድለት አይቶ ይመስለናል። ቡድኑ ቢታገድም፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ነው።

የአርሲ ሽማግሎችና እናቶች ዜማ ግን አሁንም በአብዛኛው ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ የሚተላለፍ ነው። የባህል ሠራተኞች መቅረጸ ድምፅ ይዘው በየቀበሌው ቢወጡ ብዙ ያገኛሉ። ሲወጡም ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሚያዜሙትም የቀን አበል ይያዝ፤ የአገር ፍቅር ማኅበር ለአዝማሪው ደመወዝ ቈርጦለት የለምን?