ከመቅደላ ዘመቻ የተረፈ ስም

በአገራችን ሥነ ምድር የተማረ ሰው «አንታሎ ላይምስቶን» የሚለውን ስም ያውቀዋል። ላይምስቶን የኖራ ድንጋይ ነው። «አንታሎ»ስ ከየት መጣ?

አንታሎ ከመቀሌ በስተ ደቡብ ያለችው ሕንጣሎ ናት፤ በአንድ ወቅት የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ የተቀመጡባት ከተማ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ በዚያ አለፈ። ከጦሩ ጋር ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል፣ በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት ይሠራ የነበረ ባለሙያ ነበር። ወታደሩ ለውጊያ ሲገሰግስ እሱ ድንጋይ ይመረምር ነበር። በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የኖራ ድንጋዩን በሕንጣሎ፣ ከሥሩ ያለውን የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ በአዲግራት ስም ጠራ። ስሞቹ እስከ ዛሬ ጸንተዋል።

ድንጋዩ ራሱ ግን ከማንም ዘመቻ ይቀድማል። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አካባቢውን የሸፈነ ባሕር ያስቀመጠው ደለል ነው፤ የዛጎል ቅሪት ዛሬም በውስጡ ይገኛል።

ከመቅደላ የተዘረፉት ብራናዎች ይመለሱ ብለን እንሟገታለን፤ ደግም እናደርጋለን። ያው ዘመቻ ትቶልን የሄደውን ግን አናስታውስም። ስሙ ይሰረዝ አልልም፤ የራሳችን ከተማ ስም ነውና። ተማሪው ግን ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ጦር ጋር መጥቶ እንዳወጣው ይማር። አለዚያ የገዛ አገራችንን ስም እንደ ባዕድ ቃል ስንሸመድድ እንኖራለን።