በደልን ያስቀረ ሱልሕ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ዑለማዎቻችን ሐራሙን ሐላል የሚያደርግ ሱልሕ፣ ሱልሕ እንዳልሆነ ያስተምሩናል። ዛሬ ይህን ቁም ነገር ይዘን፣ የአሜሪካ ፓርቲዎች ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በባርነት መስፋፋት ላይ ያደረጉትን ክርክር እንመለከታለን።

በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ፓርቲዎች ዴሞክራቶችና ዊጎች ነበሩ። ሁለቱም በሰሜንም፣ ባርነት በጸናበት በደቡብም ደጋፊ ስለነበራቸው ነገሩን አጥብቀው ማንሳት ይፈሩ ነበር። በ1820 (እ.ኤ.አ.) ሚዙሪ ባርነት እንደተፈቀደባት፣ ሜን እንደተከለከለባት ኅብረቱን እንዲቀላቀሉ ስምምነት ተደርጎ ነበር። በቀረው የሉዊዚያና ምድር ላይም መስመር ተሰመረ፤ ከሚዙሪ በቀር ከመስመሩ በስተሰሜን ባርነት ተከለከለ።

ከሜክሲኮ ጋር በተደረገው ጦርነት (1846–1848) ሰፊ ምድር ሲያዝ ጥያቄው አገረሸ። ዴቪድ ዊልሞት የተባለ የፔንሲልቬንያ እንደራሴ በዚያ ምድር ባርነት እንዳይገባ ሐሳብ አቀረበ፤ የተወካዮች ምክር ቤት ቢቀበለውም ሴኔቱ አላጸደቀውም። በ1850 ሌላ ስምምነት ተደረገ። ካሊፎርኒያ ያለ ባርነት ገባች፤ በምትኩ ግን ከጌታው ያመለጠን ሰው አሳዶ የሚመልስ ጥብቅ ሕግ ወጣ። አስታራቂዎቹ የሰላሙን ዋጋ የከፈሉት በማን ነፍስ እንደነበር ልብ እንበል።

በ1854 ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ በካንሳስና በነብራስካ ነዋሪው በድምፁ ይወስን አለ፤ የ1820ው መስመርም ተሻረ። በካንሳስ ደም ፈሰሰ። ተዳክሞ የነበረው የዊግ ፓርቲ ፈረሰ፤ የባርነትን መስፋፋት የሚቃወሙትም ሪፐብሊካን ፓርቲን መሠረቱ። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮንግረስ በአዲሶቹ ግዛቶች ባርነትን መከልከል አይችልም፣ ጥቁሩም ዜጋ አይደለም ሲል ፈረደ። በ1860 ዴሞክራቶችም ለሁለት ተከፈሉ። አብርሃም ሊንከን ከመራጩ 40 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ፤ ሥልጣን ሳይረከብ ሰባት የደቡብ ግዛቶች ተገነጠሉ። በሚያዝያ 1861 የተጀመረው ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮችን ፈጀ። ባርነት በሕገ መንግሥት የተሻረው በ1865 ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሪፐብሊካኖቹም ቢሆኑ በ1860 የጠየቁት ባርነት እንዳይስፋፋ እንጂ በነበረበት እንዲሻር አልነበረም። ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጉትን ባሮች ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ከነሱ አንዱ ከዛሬዋ ሴኔጋል አካባቢ ተማርኮ በ1807 ቻርልስተን የደረሰው ዑመር ኢብን ሰዒድ ነው። በሀገሩ ዒልም የቀሰመው ይህ ሰው በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ፤ ጦርነቱ ሳያልቅም በባርነት እንዳለ ሞተ።

ባርነት በሙስሊሞችም ሀገር ለዘመናት መኖሩን አንክድም። አላህ ግን ባሪያን ነፃ ማውጣትን ከዘካ ስምንት ድርሻዎች አንዱ አድርጎታል። በቤታችንም ሆነ በሰፈራችን ሰው ስናስታርቅ፣ «ነገሩ ይለፍ» ከማለታችን በፊት የተበደለውን እናስቀድም። እሱ ያልተጠየቀበት እርቅ ጠቡን ያሳድራል እንጂ አያጠፋውም።

ወላሁ አዕለም።