የእቴጌ ጣይቱ ድምፅና የገልባጩ ጥያቄ



እ.ኤ.አ. በ1899 አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የድምፅ መልእክት ላኩ። ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩት ከራስ ጉግሣ ዘር የሚወለዱት እቴጌ በሰም ሲሊንደር ላይ የተናገሩት ዛሬም ይደመጣል።

የዚህ ዓይነት ቅርስ ለማኅደር በሚመከረው ልክ ሲገለበጥ፣ ድምፁ በሰከንድ 96,000 ጊዜ እየተለካ በ24 ቢት ቁጥር ይመዘገባል። ቁጥር ግን ለጆሮ አይሰማም። ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው ዲጂታል-አናሎግ መቀየሪያ ነው። በየስልካችን ውስጥ አንድ አለ፤ በስቱዲዮ ግን ራሱን የቻለ ውድ መሣሪያ ነው።

ሰም የሚይዘው የድምፅ ወሰን እጅግ ጠባብ ነው። ታዲያ ውዱ መሣሪያ ለእቴጌይቱ ድምፅ ምን ይጨምራል? ምንም። ሰሙ ያልያዘውን መቀየሪያው አይመልሰውም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የራሱ መዛባት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ የምንሰማው ሿሿታ ከቅጂው እንጂ ከመቀየሪያው አለመምጣቱን ያረጋግጥልናል።

የብራና መጻሕፍትን ስናስተምር ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን፤ ስሕተቱ የደራሲው ነው ወይስ የገልባጩ? ለድምፅ ሰነድም ያው ጥንቃቄ ይገባል እላለሁ። «ድምፃቸው ሻካራ ነበር» ብለን ታሪክ ከመጻፋችን አስቀድሞ፣ ከሰሙ እስከ ጆሯችን በመካከል የቆሙትን ገልባጮች አንድ በአንድ እንመርምር።