የአሸተን ዳገት በስንት ዋት ይወጣል?

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም ሊወጣ የተነሳ ሰው መንገዱን በኪሎ ሜትር አይጠይቅም። "ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" ነው የሚለው። መልሱም እንደ እግሩና እንደ በቅሎው ይለያያል። በዳገት አገር ኪሎ ሜትር ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ድካም ነው። የሳይክል መለኪያ መሣሪያዎች እዚህ እውነት ላይ ለመድረስ መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካዊው ከርቲስ ቪደር የጎማን ዙር የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ርቀት ይቆጥራል፤ ሜዳ ይሁን አቀበት ግን አያውቅም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፊንላንዱ ፖላር ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ ምት መለኪያ አመጣ። ልብ ግን በሙቀትም፣ በድንጋጤም፣ በእንቅልፍ ማጣትም ይፈጥናል። በ1986 ጀርመናዊው ኡልሪክ ሾበረር ፓወር ሜትርን ሠራ። ፔዳሉ ሲረገጥ ብረቱ በዓይን የማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ መሣሪያው ያንን ከዙሩ ፍጥነት ጋር አስልቶ ጉልበቱን በዋት ይነግራል።

በእኛ ዳገት እናስላው። ከነሳይክሉ 75 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ በአንድ ሰዓት 500 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ፣ ለከፍታው ብቻ 100 ዋት ገደማ ያወጣል። የነፋሱና የኮረኮንቹ ሌላ ነው።

ከፍታውስ እንዴት ይታወቃል? የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ውኃ አፍልተው ይለኩት ነበር። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላሊበላ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሽሮዋን የምታንተከትክ እናት ቴርሞሜትር ባትይዝም እሳቱ ላይ የምትቆይበትን ጊዜ ታውቃለች። የዛሬው የሳይክል ኮምፒውተርም በውስጡ ያለው ባሮሜትር ያንኑ የአየር ግፊት ነው የሚያነበው። ለዚህም ነው የክረምት ዝናብ ሲመጣና ግፊቱ ሲወርድ፣ የቆመውን ሰው "ዳገት ወጣህ" የሚለው።

ቀጭን አየር ሁለት ፊት አለው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን፣ 49.431 ኪሎ ሜትር፣ የጋለበው ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ ነው፤ በከፍታ ላይ አየሩ ጋላቢውን ብዙ አይገፋውም። ሳንባ ግን ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ሰውየው በባሕር ጠለል የሚያወጣውን ዋት እዚያ አያወጣም።

እኛን የሚመለከተው ይህ ነው። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ ለኢትዮጵያ በቡድን 9ኛ ሲወጡ ፓወር ሜትር ገና አልተሠራም ነበር፤ ሁሉም የሚለካው በመድረሻው መስመር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ ግን ዓለም ተለውጦ ነበር። ዛሬ የውጭ ቡድን ወጣት ሲመርጥ ከውጤቱ ጋር የዋት መዝገቡንም ይጠይቃል። መሣሪያው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

መሣሪያው ቢገኝም ሌላ ወጥመድ አለ። በላሊበላ ከፍታ ለአንድ ሰዓት 270 ዋት የያዘ ልጅ፣ ባሕር ጠለል ላይ በግምት 300 ሊይዝ ይችላል። ከፍታው ካልተጻፈለት አውሮፓ ያለው መራጭ የሚያየው ደካማ ጋላቢ ነው። ተራራችን ያጠነከረውን ልጅ ያው ተራራችን ያስጥለዋል።

ስለዚህ ክለቦቻችን ለእያንዳንዱ ልጅ መግዛት ባይችሉ፣ አንድ ፓወር ሜትር በጋራ ይግዙ፤ ልጆቹን በየተራ ይለኩ፤ ከዋቱ ጎንም የቦታውን ከፍታ ይጻፉ። "ስንት ሄደ?" ብቻ ሳይሆን "የት ላይ?" ብሎ መጠየቅ ለላስታ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።