ጭቃውና ቆርቆሮው

ቤት የሚሠራ ማነው ቢሉን «መሐንዲስ» እንላለን። አያቶቻችን ግን ጎረቤት ጠርተው በደቦ ራሳቸው ነበር የሚሠሩት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጎጆው በቋሚና በማገር፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ፣ በሣር ክዳን ይቆም ነበር። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል፤ በሣሩ መሐል የታቆረው አየር ብርዱን ይከለክላል። ኋላ ቆርቆሮ መጣ። እሳት የፈራ፣ በየጊዜው ሣር መለወጥ የሰለቸው ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። አይፈረድበትም! ግን ክዳኑ ቀን ምጣድ፣ ሌት ውርጭ ሆነበትና አቡጀዲ ኮርኒስ ወጠረ። እኛ ቆርቆሮው ይነቀል አንልም፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ኮርኒስ ይግባለት። ጭቃውንም «የድሃ ቤት» ብለን አንናቀው፤ ዕውቀት ተቦክቶበታልና።