የቃል ውልና የጽሑፍ ውል በእንግሊዝ አገርና በአገራችን

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ስለሆኑ፤ እኛ ደግሞ ታሪኩ እምብዛም ስለማይነገርለት ነገር፤ ይኸውም ስለ ውል፤ ጥቂት ለማቅረብ አስበናል። ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ የወጣ ሰው በሬ ሲገዛ፤ ጤፍ በዱቤ ሲሰጥ፤ ቤት ሲከራይ፤ ልብ ባይለውም ውል መዋዋሉ ነው።

አባቶቻችን ሲዋዋሉ ይበልጥ የሚታመኑት በወረቀት ሳይሆን በምስክር፤ በዋስና በመሐላ ነበር። «ሰው በቃሉ፤ በሬ በቀንዱ ይታሰራል» መባሉም ስለዚህ ነው። አንዱ ቃሉን የካደ እንደሆነ ከዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፤ ማር ወይም በቅሎ ወይም ፈረስ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። በእንዲህ ያለው ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ትልቅ ጥቅም ነበረው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የከፍተኛ ዳኞች ፍርድ ለሚቀጥለው ነገር ሕግ ይሆናል። ከታወቁት ሁለቱን እንመልከት።

ግሎስተር በምትባል ከተማ ሀድሊ የሚባሉ ባለ ወፍጮዎች የሞተራቸው ዘንግ ተሰበረባቸው። በእርሱ አምሳያ አዲስ እንዲሠራላቸው ወደ ግሪኒች እንዲያደርሱት ለዕቃ አመላላሾች ሰጡ። ዘንጉ በመንገድ ስለዘገየ ወፍጮው ሥራ ፈታ፤ እነርሱም የቀረባቸውን ትርፍ ጠየቁ። ዳኞቹ ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854፤ ውል ያጓደለ ሰው የሚክሰው እንደ ልማዱ የሚደርሰውን ጉዳት፤ ወይም ሲዋዋሉ ሁለቱም ሊያስቡት የሚችሉትን ብቻ ነው አሉ።

ሁለተኛው የወይዘሮ ካርሊል ነገር ነው። በ1891 አንድ የመድኃኒት ኩባንያ፤ በአፍንጫ የሚሳበውን መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለሚይዘው ሰው 100 ፓውንድ እንደሚሰጥ በጋዜጣ አስታወቀ፤ ለዚህም 1,000 ፓውንድ በባንክ ማስቀመጡን ገለጸ። ወይዘሮዋ መድኃኒቱን ተጠቅማ ታመመች። ኩባንያው ነገሩ የገበያ ወሬ ነው ቢልም፤ ፍርድ ቤቱ በ1892 ክፈል ብሎ ፈረደበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የውል ክፍሉ ከቁጥር 1675 ይጀምራል። ቁጥር 1689 ወሮታ እሰጣለሁ ብሎ ለሕዝብ ያስታወቀ ሰው ሥራው ሲፈጸም እንዲከፍል ያዛል፤ ይህ የወይዘሮ ካርሊልን ነገር ይመስላል። ቁጥር 1799 እና 1801 ደግሞ በመደበኛውና አስቀድሞ በተነገረው ልዩ ጉዳት መካከል ይለያሉ፤ ይህም የወፍጮውን ነገር ያስታውሰናል። እንግሊዞች በዳኛ ፍርድ የደረሱበትን እኛ በተጻፈ አንቀጽ አገኘነው ማለት ነው። ሆኖም በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ስለተደረገ፤ የዳኛ ፍርድ በእኛም አገር ክብደት አገኘ።

ከነዚህ ፍርዶች አንዱ ለከተማችን ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሰበር ችሎቱም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448፤ ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ሲል ወሰነ። እንግዲህ ዕድሜ ልኩን ባጠራቀመው ገንዘብ፤ በሽማግሌ ፊት እጅ ተማትቶ ብቻ ቤት የገዛ ሰው ምን ያህል እንደሚያሰጋው አስቡ!

ሽማግሌዎቻችንን አንነቅፍም፤ ያለ እምነት ወረቀትም ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ራሳቸው አባቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ፊደል የቆጠርን ልጆች ወላጆቻችን ሲዋዋሉ ውሉን አንብበን የማስረዳት፤ በሚገባው ቦታ እንዲጻፍም የማሳሰብ ግዴታ አለብን። የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለምና።